የአያትን ታሪክ በድምፅ ቀርጾ ማቆየት

የቤተሰብ ታሪክ የሚጠፋው ተራኪው ሲያርፍ ብቻ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ከተቀረጸም በኋላ ይጠፋል። ስልኩ ይሰረቃል። ፋይሉ «አዲስ ቀረጻ 14» ተብሎ ከሠርግ ቪዲዮና ከመዝሙር ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ወይም ከስንት ዓመት በኋላ ሲከፈት የሙቀጫው ድምፅ እንጂ የእማማ ቃል አይሰማም። የአያትን፣ የአባትን፣ የጎረቤት ሽማግሌን ታሪክ በድምፅ ቀርጾ ለልጅ ልጅ ለማድረስ ደህና ስልክ፣ ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው ሥራው በየደረጃው የት የት እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚድን ነው።

ከማን ይጀመራል?

ይቅደም የሚባለው ታሪክ የበዛለት ሰው ሳይሆን ጊዜ ያነሰው ነው፦ ዕድሜው የገፋ፣ የታመመ፣ መርሳት የጀመረው። መርሳት የጀመረው ሰው ትናንት የበላውን ባያስታውስም የልጅነቱን ነገር አጥርቶ ሊናገር ይችላልና «አሁንማ ረፍዷል» ብላችሁ አትተዉት።

የቤቱን ወንዶች ብቻ ጠይቃችሁ አትቁሙ። ጦርነቱን፣ ሹመቱንና የመሬት ክርክሩን ወንዶቹ ይነግሯችኋል። ማን የማንን ልጅ እንዳሳደገ፣ በክፉ ቀን ምን እንደተበላ፣ የትኛው ሕፃን ስም ሳይወጣለት እንደሞተ የምታውቀው ግን ሴቷ ናት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼን ጠይቁት» ማለቷ አይቀርም። ያኔ ስለ ታሪክ መጠየቁን ትታችሁ ስለ ሥራ ጠይቋት። ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር? እንስራው ሲሞላ ማን ያሸክማል? በቀን ስንት ምልልስ ነው? ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ብዙውን ጊዜ ራሷ ትቀጥላለች።

የመጀመሪያው ቀን ያለ መቅረጫ ይሁን። ቡና ጠጡ፣ ለምን እንደፈለጋችሁ አስረዱ፣ የዘር ሐረጉን በደብተር ንደፉ። ገጹን አግድም አዙራችሁ ተራኪውን መሐል፣ ወላጆችን ከላይ፣ ልጆችን ከታች ጻፉ። ሰባት ቤት ድረስ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች አሉ። እስከሚያውቁት ድረስ ቁጠሩ እንጂ አትግፏቸው፤ ሰው ሲገፋ ላለማፈር ሲል ስም ይፈጥራል። የእናትን ወገን ደግሞ ለብቻ ጠይቁ። ስማችን የሚይዘው አባትንና አያትን ስለሆነ የእናት ወገን ቶሎ ይረሳል። ለእያንዳንዱ ሰው የዓለም ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የቤት ስሙን፣ ካለውም የፈረስ ስሙን ጎን ለጎን አስፍሩ። አንድ ሰው በትረካው ውስጥ በሦስት ስም ሲጠራ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚሰማው ልጅ ሦስት ሰው ይመስለዋል።

ፈቃድ

ስልክ ጠረጴዛ ሥር ደብቆ መቅረጽ ነውር ነው፤ ቢታወቅ ያንን ሰው ዳግም ማናገር አይቻልም። ፈቃድ የሚጠየቀው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያለ መቅረጫ ትጠይቃላችሁ፤ ቀጥሎ መቅረጫው ከተከፈተ በኋላ እንደገና ትጠይቃላችሁ፣ መልሱ በራሳቸው ድምፅ እንዲቀመጥ። አነጋገሩ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ዛሬ ጥር 20 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ነው። ያለነው እማማ ቤት፣ እንዲህ ያለ ከተማ፣ እንዲህ ያለ ሰፈር ነው። የምጠይቀው እኔ እገሌ ነኝ። እማማ፣ የሚነግሩኝን ልቅረጽ? ለልጆች ባሰማውስ ይፈቅዳሉ?»

ሦስት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ። ማን ይስማው፦ ቤተሰብ ብቻ፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ወይስ ማንም? አሁን ይሰማ ወይስ ከዕረፍታቸው በኋላ? እርሳቸው ሲያልፉ ስለ ቀረጻው የሚወስነው የትኛው ልጅ ነው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ትከብዳለች፤ ሳትጠየቅ ስትቀር ግን በኋላ ወንድምና እህት የሚቀያየሙት በእርሷ ነው። መልሱን በደብተር ጽፋችሁ አስፈርሙ፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው አንብባችሁለት የጣት አሻራ ይበቃል። በማግስቱ «ያን ነገር አጥፉልኝ» ካሉ ደግሞ ሳትከራከሩ አጥፉ።

ስልኩና ክፍሉ

ውድ ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት የምታስቀምጡበትን ቦታ አስተካክሉ። ውድ ማይክ ሦስት ሜትር ርቆ ከሚቀርጸው ይልቅ ተራ ስልክ ሁለት ስንዝር ላይ ሆኖ የሚቀርጸው ይበልጣል። የአብዛኛው ስልክ ዋና ማይክ ከታች፣ ከቻርጀሩ ቀዳዳ አጠገብ ነው፤ ያ ጫፍ ወደ ተራኪው አፍ ይዙር። ስልኩን በቀጥታ በጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት። ሽማግሌ ሲናገር ጠረጴዛ መታ መታ ያደርጋል፤ በእንጨቱ በኩል የሚመጣው ምት ከቃሉ በላይ ይሰማል። የታጠፈ ፎጣ ወይም ጋቢ ከሥሩ አድርጉለት።

በልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ካላችሁ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ ሰኩት፤ ነገር ግን ነጠላው የማይወርድበት ወገን ይሁን። ነጠላ ማይክ ላይ ሲፋተግ ነፋስ የሚነፍስ ያስመስላል፤ የአንገት መስቀል፣ መቁጠሪያና ዶቃም ኳ ኳ ይላሉ። መስቀሉን አውልቁልን ማለት አይገባም፤ በልብሳቸው ውስጥ ቢገባ ይበቃል።

ጥራቱን ከመጀመሪያው ከፍ አድርጉት። አይፎን ላይ በቮይስ ሜሞስ ቅንብር ውስጥ «ኦዲዮ ኳሊቲ» የሚለውን «ሎስለስ» አድርጉት። አንድሮይድ ከሆነ በዋቭ፣ ማለትም ድምፁን በማይጨምቅ ፎርማት የሚቀርጽ አፕ ጫኑ፤ 48 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት። በዚህ ልክ አንድ ሰዓት በሞኖ 350 ሜጋባይት ገደማ፣ በስቴሪዮ እጥፉን ይወስዳል። ስለዚህ 4 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ለአምስት ሰዓት ንግግር ይበቃል። ቦታውን ሳታዩ አትጀምሩ፤ ሚሞሪ ሲሞላ አንዳንዱ ስልክ ምንም ሳያሳውቅ ያቆማል።

ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት። ድምፁን ማጥፋት አይበቃም፤ ስልክ ሲደወል ቀረጻው የሚቋረጥበት ብዙ ነው። ባትሪው መቶ በመቶ ይሞላ፤ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ፓወር ባንክ ያዙ። ሁለተኛ ስልክ ካለ እርሱም አጠገቡ ይቅረጽ። አንዱ ሲከሽፍ ሌላው ያድናል።

ክፍሉን ለመምረጥ ለአንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉና ጆሯችሁን ስጡ። ጆሮ የለመደውን ድምፅ ይተወዋል፤ ማይክ ግን ሁሉንም ይይዛል። ፍሪጁ ይጮኻል፤ ንቀሉት፣ መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱም የቤት ቁልፋችሁን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። የቆርቆሮ ቤት ከሆነ ክረምት ከሰዓት በኋላ አትያዙ፤ ዝናቡ ሲወርድ ጠያቂና ተጠያቂም አይደማመጡ። ባዶ ሳሎን ያስተጋባል፤ መጋረጃ፣ አልጋና ምንጣፍ ያለበት ጓዳ ይሻላል። የሰፈሩን ጄኔሬተር፣ ዶሮውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያና የመስጊዱን አዛን ሰዓት ቀድማችሁ እወቁ።

ቡናውስ? ቡና ወሬ ያመጣል፤ አትከልክሉት። ግን ተቆልቶና ተወቅጦ ይለቅ፤ ቀረጻው ከአቦል በኋላ ይጀመር። ረከቦቱ ከተራኪው ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ፣ ስልኩ ግን ከአጠገባቸው አይለይ። ሲኒ ሲጋጭ ከቃል ይልቅ ጎልቶ ነው የሚገባው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ቅረጹና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። «ቁርስ ምን በሉ?» ብሎ መጠየቅ ለሙከራም ለማላመድም ይሆናል። ይህን አንድ ደቂቃ የዘለለ ሰው ነው ሁለት ሰዓት የሚያጣው።

ጥሩው ሰዓት ለብዙ አዛውንት ጧት ከሦስት እስከ አምስት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ በጾሙ ወራት ድካም ስለሚኖር ከበሉ በኋላ ያዙ። አንዱ ቀረጻ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይሁን፤ ወሬው ሳያልቅ ማቆም ለሚቀጥለው ቀን ጉጉት ያተርፋል። ለአንድ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ቀን መመደብ ደህና ነው። ቤተሰብ ለለቅሶ ሲሰበሰብ ወሬው ይሞቃል፤ ቢሆንም በእዝን ጊዜ መቅረጫ ማውጣት አይገባም። የሰማችሁትን በደብተር ያዙ፣ ከአርባው በኋላ ተመለሱ።

አጠያየቅ

«ልጅነትዎ እንዴት ነበር?» ብትሉ መልሱ «ደህና ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ መልሱ ይጠባል። ጥያቄውን ስታጠቡት ግን መልሱ ይሰፋል። ጧት ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ማን ነበር? ምድጃው ከበሩ በስተ ቀኝ ነበር ወይስ በስተ ግራ? ማታ ልጆች የት ይተኛሉ፣ ጥጃዎቹስ? መጀመሪያ ጫማ ያደረጉት ስንት ዓመትዎ ላይ ነው፣ ማን ገዛልዎት? አንዲት ሴት ምድጃው የት እንደነበር ስትናገር እጇ ወደዚያ ይዘረጋል፤ ቀጥላ ምድጃው ዳር ማን ይቀመጥ እንደነበር፣ ማን እንደማይቀመጥ ትናገራለች። ያ «የማይቀመጠው» ሰው ነው ታሪኩ።

ከዚያ ጥያቄዎቹን በሕይወት መንገድ አስከትሏቸው፦ እረኝነት ወይም የቄስ ትምህርት ቤት፣ ጋብቻው በስንት ዓመት እንደተደረገና ማን እንዳጨ፣ የመጀመሪያ ልጅ፣ ከአገር መውጣት፣ ሥራ፣ ሐዘን። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ እንጂ እያያችሁ አታንብቡ። አንዱ ጥያቄ ወደ ሌላ መንገድ ከወሰዳቸው ተከተሏቸው፤ የቀረውን ነገ ትጠይቃላችሁ።

የምትጠሯቸው እንደ ወትሮው ይሁን። ዘወትር «አንቺ» የምትሏትን እናት ለቀረጻው ብላችሁ «እርስዎ» ካላችኋት እንደ ጋዜጠኛ ታያችኋለች፤ ንግግሯም የዜና አማርኛ ይሆናል። የመንዝ፣ የጎጃም ወይም የወሎ ዘዬ ካላቸው አታርሙ፤ ያ ዘዬ ራሱ ቅርስ ነው። «ይህ ቃል በእናንተ አገር ምን ማለት ነው?» ብላችሁ እዚያው አስፈቱት።

እኛ አገር ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት ንቀት ይመስላል። «እሺ»፣ «ወይኔ!»፣ «ታዲያስ?» እያልን እናጅባለን። በቀረጻ ላይ ይህ ሁሉ የተራኪውን ቃል ይሸፍናል። በራስ ንቅናቄና በዐይን አጅቡ፤ እንደዚያ የምታደርጉትም ለምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እነርሱም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው «አዎ» ሊሉ ይችላሉ። ያች ትንፋሽ ከቀረጻ ላይ አትለይም። «አዎ ማለትዎ ነው?» ብላችሁ አስደግሟት። «ይህን ያህል ነበርኩ» ብለው እጃቸውን ዝቅ ሲያደርጉም «እስከ ጉልበት ያህል» ብላችሁ በቃል ድገሙላቸው። ጥማድ፣ ጋሻ፣ ቁና፣ ዳውላ ሲነሣ በዚያ መንደር ስንት እንደነበር ጠይቁ፤ መጠኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ዝም ሲሉ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ትልቁ ነገር የሚወጣው ከዝምታው በኋላ ነው፤ ቸኩሎ ሌላ ጥያቄ የሚጨምር ሰው ይህን ያጣል።

ሌላው ፈተና የሚያርመው ዘመድ ነው። «ኧረ እንደሱ አይደለም፣ በ66 ነው!» የሚል ልጅ ከተቀመጠ ሽማግሌው ተሳስቼ እንዳልታረም ብሎ ዝም ይላል። ክፍሉ ውስጥ ተራኪውና አንድ ጠያቂ ይበቃሉ። ባልና ሚስትንም ለየብቻ አናግሩ፤ አንድ ላይ ከሆኑ አንዳቸው ለሌላው ይተዋሉ። ሁለቱ ስለ አንድ ሠርግ ሁለት ዓይነት ቢናገሩ ሁለቱንም አኑሩ፣ ለማስታረቅ አትሞክሩ።

እሹሩሩ፣ ቀረርቶ፣ የአጨዳ ዘፈን፣ ሙሾ የሚያውቁ ከሆነ ለብቻው ፋይል ቅረጹት። ዜማ ሲወጣ ድምፅ ስለሚጎላ ስልኩን አንድ ሜትር ያህል አርቁ፤ ካልሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ አይጠገንም። በደህና ቀን ሙሾ ማውረድን ሟርት ነው የሚሉ ብዙ ናቸውና አታስገድዱ፤ ግጥሙን ያለ ዜማ ይነግሯችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

ፎቶ ካለ አውጡት። እያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ይኑረው፤ ቁጥሩን በቀረጻው ላይ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ይህ ፎቶ ቁጥር 7 ነው፤ ከግራ የቆሙት ማን ናቸው?» ቁጥሩን ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ፣ ጫፉ ላይ ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል። ስካን ሲደረግ ትንንሾቹ በ600 ዲፒአይ ይሁኑ። ላሚኔት ግን በፍጹም አታስደርጉ፤ ፕላስቲኩ በኋላ ሲላቀቅ ምስሉን ይዞ ይነሣል።

ልጁ ውጭ አገር፣ አያት አገር ቤት ከሆኑ የስልክ ጥሪውን አትቅረጹ፤ ድምፁ በመንገድ ላይ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። አንድ ዘመድ ሁለተኛ ስልክ አያት አጠገብ አስቀምጦ እዚያው ይቅረጽ፤ እናንተ በመጀመሪያው ስልክ ትጠይቃላችሁ። አማርኛ የማይችል የልጅ ልጅ ቢኖርም አያት በሚያስቡበት ቋንቋ ሳይቋረጡ ይናገሩ። ትርጉሙ በኋላ ይሠራል። በየዐረፍተ ነገሩ እየተተረጎመ የተቀረጸ ወሬ ለማንም አይጥምም።

ዘመኑን መለየት

«መቼ ነው?» ብላችሁ ዓመተ ምሕረት አትጠብቁ። ሰው የሚያስታውሰው «ጣሊያን ሲገባ»፣ «የመሬት አዋጁ ጊዜ» ብሎ ነው። ችካል የሚሆኑ ዓመቶችን በደብተር ያዙ፦ የጣሊያን ወረራ 1928፣ ነፃነት 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ የወሎ ረሃብ 1965 እና 66፣ ንጉሡ የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967፣ ድርቁ 1977፣ ደርግ የወደቀበት ግንቦት 20 ቀን 1983። ከዚያ «ያን ጊዜ አግብተው ነበር? ስንተኛ ልጅዎን ታቅፈው ነበር?» ብላችሁ ታሰላላችሁ። የሰፈሩንም ችካል ጨምሩ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ የለበሰበትን፣ አንበጣ የወረደበትን።

ዘመነ ወንጌላውያኑ ትልቅ ረዳት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ስታካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። አንድ አዛውንት «ጣሊያን ከወጣ በኋላ በመጣው ሉቃስ ተወለድኩ» ካሉ 1935 ነው ማለት ነው። ወደ አውሮፓውያን ሲዞር ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን 8 ይጨመራል። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት ጻፉ። «ሦስት ሰዓት» ሲሉም የእኛ አቆጣጠር መሆኑን ማስታወሻ አድርጉ።

በእስራኤልና በአሜሪካ ላሉ አዛውንት መታወቂያውን አትመኑ። ብዙዎቹ ሲመዘገቡ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቷል። በሱዳን በኩል ለተጓዙ ቤተ እስራኤላውያን ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 የተካሄደው ዘመቻ ሙሴ፣ በቀጥታ ከአዲስ አበባ ለሄዱት ደግሞ የግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983ቱ ዘመቻ ሰሎሞን ጥሩ ችካል ናቸው። ከመንደራቸው የተነሡት ከዝናቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በመንገድ ላይ ስንተኛው ሰንበት ነበር? እንዲህ ያለው ጥያቄ ከወር ስም ይልቅ ያስታውሳል።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። የሚናገሩትን ስም እንዳሉት ጻፉና የአሁኑን አጠገቡ አክሉ፦ ናዝሬት፣ አሁን አዳማ፤ ደብረ ዘይት፣ አሁን ቢሾፍቱ። አውራጃና ክፍለ ሀገር ሲሉም ወደ ዞንና ክልል አትቀይሩባቸው።

ሊጎዳ የሚችል ነገር

ቀይ ሽብር ሲነሣ ማን እንደጠቆመ፣ ማን እንደገደለ በስም ይነገራል። የዚያ ሰው ልጆች ምናልባት ጎረቤት ናቸው። ስሙ በዋናው ቀረጻ ውስጥ ይኑር፤ ለሌላ ሰው በሚሰጠው ቅጂ ግን ይቆረጥ። የዘር፣ የባርነት፣ የእጅ ባለሙያዎችን የመናቅ ታሪክም በተመሳሳይ ጥንቃቄ ይያዝ።

ዓረብ አገር ያለች ልጅ ስለ አሠሪዎቿ የምትናገረው አገር ቤት እስክትገባ ድረስ ለማንም አይላክ፤ ፓስፖርቷ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀ ሰውም የመንገዱን ታሪክ ከመቅረጹ በፊት ጠበቃውን ያማክር፤ በቀን ወይም በቦታ ትንሽ ልዩነት ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ልጅነቱ ጠይቁት፤ መንገዱ ይቆይ።

ሲያለቅሱ ፈጥናችሁ አታጥፉ። ውኃ አቅርቡ፣ ጠብቁ፣ «ላቁመው?» በሉ። ብዙዎች «ተወው፣ ልናገር» ይላሉ። ማቆም ከፈለጉ ግን ወዲያው አቁሙ፣ ከመሄዳችሁ በፊትም ወደ ቀላል ወሬ መልሷቸው። ለብቻቸው ከሐዘኑ ጋር ትታችኋቸው አትውጡ።

በዚያው ማታ

የሚቀጥለው ሥራ ሳይተኛ የሚሠራ ነው፤ ለነገ የተባለው አይሠራም። ፋይሉን ወደ ኮምፒዩተር አውርዱና ስሙን ቀይሩ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ተራኪ፣ ተራ ቁጥር። ለምሳሌ «2017-05-20_አያት_01»። ዓመቱ ስለሚቀድም ፋይሎቹ ራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በማስታወሻ ይጻፍ፤ ስልኩ ይህን ቀረጻ ጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ብሎ ነው የሚይዘው። የድሮ መሣሪያዎች የግዕዝ ፊደል ያለበትን የፋይል ስም ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለውጡት ስለሚችሉ በላቲን ፊደል አጭር ስም መስጠትም ያስኬዳል። ዋናውን ፋይል አትቁረጡት፣ አታጽዱት፤ የምታስተካክሉት ቅጂውን ነው።

ከዚያ ሦስት ቅጂ አድርጉ፦ አንዱ በኮምፒዩተር፣ አንዱ በሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ወይም በጉግል ድራይቭ። ሦስቱም አንድ ቤት ካሉ አንድ ሌባ ወይም አንድ እሳት ይወስዳቸዋል። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ድምፅ መልእክት ከሄደ ይጨመቃል። ስልኩ ላይ ያለውን የምታጠፉት ቅጂዎቹን ከፍታችሁ መሐላቸውንና መጨረሻቸውን ከሰማችሁ በኋላ ነው።

ከእያንዳንዱ ቀረጻ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር፦ የተራኪው ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታ፣ የጠያቂው ስም፣ ቀንና ቦታ፣ የፈቃዱ ልክ፣ ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ምን እንደተወራ አንድ መስመር። «00:15 የአክስቷ ሠርግ፤ 00:20 የአንበጣው ዓመት።» ጊዜ ካጠረ ከቃል በቃል ጽሑፍ በፊት ይህ ይቅደም። አንድ ሰዓት ቀረጻን ቃል በቃል መጻፍ ለለመደ ሰው እንኳ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው እሱን ሲጀምር ይሰለችና ሁሉን ይተዋል።

ቃል በቃል ስትጽፉ እንደተነገረው ጻፉ። «ሄጄ ነበረ» ያሉትን «ሄድኩ» አታድርጉት። ያልሰማችሁትን አትገምቱ፤ «[አልተሰማም 00:14:20]» ብላችሁ እለፉ። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን በተመለከተ ለየስሙ አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙ፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ከተቀላቀሉ ኮምፒዩተሩ ሲፈልግ ግማሹን ያጣል። አማርኛን በራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ጊዜ ይቆጥባል፤ ሆኖም የሰው ስም፣ የቦታ ስምና ዘዬ ላይ በጣም ይስታልና ድምፁን እየሰማችሁ አርሙት። ሲያልቅ ለተራኪው አንብቡላቸው። ስሞቹን የሚያርሙት ያን ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ቀረጻም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይወለዳል።

የተቀመጡ ካሴቶች

በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ከውጭ አገር የተላከ የድምፅ ደብዳቤ፣ የሠርግና የሙት ዓመት ካሴት አለ። ከማጫወታችሁ በፊት ከላይ ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ መሰበራቸው በስህተት በላዩ እንዳይቀረጽ ይከላከላል። ውስጡን አይታችሁ ሻጋታ ካለ አታጫውቱት፤ ለባለሙያ ይሰጥ። በመሐል የምትታየው ትንሽ የሱፍ ቁራጭ ከወደቀች ድምፁ ይደበዝዛል፤ ካሴቱ ብሎን ያለው ከሆነ ክሩ ወደ ሌላ ቀፎ ይዛወራል።

የቴፑን ራስ በጥጥና በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። መጀመሪያ ዋጋ የሌለው ካሴት ሞክሩበት፤ ክር የሚበላ ቴፕ በዚህ ይታወቃል። ካሴቱን አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱ። ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒዩተር አገናኙና በነፃ በሚገኘው የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም በኦዳሲቲ በዋቭ ቅረጹ። አቋራጭ የለውም፤ የ60 ደቂቃ ካሴት በየገጹ 30 ደቂቃ፣ የ90ው 45 ደቂቃ ይወስዳል። ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሡ፣ ካሴቱንም ከዚያ በኋላ አትጣሉት።

ከቤት ውጭ የሚቀመጥ ቅጂ

ታሪኩ ከቤተሰብ አልፎ ለአገር የሚጠቅም ከሆነ፣ ተራኪውም ከፈቀዱ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ብዙው ሰው ወመዘክር የሚለውን ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። ከመስጠታችሁ በፊት ማን ሊሰማው እንደሚችል በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ የምትሰጡትም ቅጂው እንጂ ዋናው አይሁን።

ቤት ያለውን ደግሞ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ፈትሹት። ሃርድ ዲስኩን ሰኩ፣ ከየፋይሉ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ግማሽ ግማሽ ደቂቃ ስሙ፣ ያልከፈተውን ከሌላው ቅጂ ተኩ። ሃርድ ዲስኩ አምስት ዓመት ከሞላው ወደ አዲስ አዛውሩ። ቀኑንና የፈታሹን ስም በዚያው ወረቀት ጻፉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ፈታሽ ማን እንደሆነም ከሥሩ።